ለወርቅያንጥፉ ያለቀስን ለት

ሰው ሁሉ ካለቀበት ቲያትር ስንወጣ ለምንድን ነው የሚርበን?

እየቀለድኩ አይደለም። ይህን ጥያቄ ከዩኒቨርሲቲ ጀምሬ ተሸክሜው ኖሬያለሁ። የቲያትር ጥበባት ተማሪ ነበርኩ። (ሳቁ፤ ሁሉም ይስቃል። አባቴም ስቆ ነበር፣ የምሬን መሆኑን ሲያውቅ ግን ተወው።) አንድ ጊዜ የጥንቶቹን አካሄድ ተከትለን፣ እኛው ተማሪዎች ተጋግዘን፣ አንድ ትልቅ የሐዘን ተውኔት ጽፈን አዘጋጀን። ደም ያለበት፣ በቀል ያለበት፣ መጨረሻ ላይ ሬሳ የሚያነሳ ሰው እንኳ የማይተርፍበት። ተመልካቹ አለቀሰ። ከፊት የተቀመጡት የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ ሳይቀሩ ተንሰቀሰቁ። ከዚያ መብራት በራ። ያው ተመልካች በሩ ላይ ተጋፍቶ ወጣና በቀጥታ ሳምቡሳ የምትሸጠዋ ልጅ ፊት ተሰለፈ። ዓይኑ ገና ቀይ ነው። እጁ ግን ሚጥሚጣ ይጠይቃል።

ይህ ነገር ከነከነኝ። መምህራችንን ልጠይቃቸው ወሰንኩ። እኔ ደግሞ ሰው ፊት መናገር ሞቴ ነው። ጥያቄውን መስታወት ፊት ተለማምጄ፣ ክፍል ሲያልቅ ቀረብ ብዬ፣ በመጨረሻ ለኮታቸው ቁልፍ ጠየቅኩት። መምህሩ ደስ አላቸው። ተመልካቹ በሌላ ሰው መከራ አማካይነት የራሱ ፍርሃትና ሐዘን ይታጠብለታል፣ ቀሎት ይወጣል፣ አሉኝ። ብዙ አስረዱኝ። ስለ ሳምቡሳው ግን ምንም አላሉም።

እንግዲህ ስለ መታጠብ ዛሬ እኔም አላንስም። ከተመረቅኩ በኋላ ኩዌት መጣሁ፤ ጃብሪያ፣ አንድ ባለ ሦስት ፎቅ ቪላ ውስጥ። ማዳም አለች፣ ባባ አለ፣ አራት ልጆች አሉ፣ የባባ ነጫጭ ዲሽዳሻዎች አሉ። ዲሽዳሻ የማታውቁ ካላችሁ፣ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ የወንድ ቀሚስ ነው፤ ንጹሕ ሲሆን ያስከብራል፣ ሲያጥቡት ያስለቅሳል። በዩኒቨርሲቲው ተውኔት የእኔ ሥራ ከመጋረጃ ኋላ ተደብቄ፣ ቃል ለጠፋበት ተዋናይ በሹክሹክታ ማቀበል ነበር። የሁሉንም ቃል በልቤ ይዤው ነበር፤ የሟችንም፣ የገዳይንም፣ ሮጦ መጥቶ ወሬ የሚያወራውንም። ታዲያ ጃብሪያም መጥቼ ሥራዬ አልተቀየረም። ቃል አቀባይ ሆንኩ።

እንዴት በሉኝ።

ያ የኮሮና የመጀመሪያ ዓመት ነው። ሰዓት እላፊ ታውጇል። የዓርብ እረፍት ቀርቷል። ቤተ ክርስቲያኑ ተዘግቷል፤ መስጊዱም ተዘግቶ አዛኑ እንኳ ቤታችሁ ስገዱ ማለት ጀምሯል። የቀረችን መውጫ አንዲት ነበረች፤ ጣሪያው። እኛ በአገሩ ቋንቋ ሰጥህ ነው የምንለው። አስር ሰዓት ገደማ ፀሐይዋ ስትለዝብ ልብስ ልናሰጣ፣ የደረቀውን ልንሰበስብ እንወጣለን። ቪላዎቹ በጣም ከመቀራረባቸው የተነሳ የአንዱ ሰጥህ ከሌላው የሚለየው በጠባብ መተላለፊያ ነው። ድምፅ ከፍ ሳያደርጉ ይጨዋወቱበታል። ምን ዋጋ አለው፣ ጎረቤቶቼ ተኳርፈዋል።

በቀኜ ዘይነባ ናት። እትዬ ዘይነባ እላታለሁ፤ እኔ ፊደል ስቆጥር እሷ ኩዌት ገብታ ነበር። የኮምቦልቻ ሰው ናት፤ ቀልደኛ፣ ድምፀ ወፍራም፣ እንደ እሷ አንሶላ የሚወጥር አላየሁም። በግራዬ ሙሉ ናት። ሙሉም የኮምቦልቻ ልጅ ናት፤ ቁጡ፣ ፈጣን፣ ስትስቅ እንኳ የምትጣላ የምትመስል። እንዲያውም እዚያ አገር ቤት የእነ ዘይነባ ቤትና የእነ ሙሉ ቤት አጥር ይጋራሉ። ይህችን ሥራ ለሙሉ ያገኘችላት ዘይነባ ናት። እህትማማች ናቸው ብትሏቸው ማንም አይጠራጠርም ነበር። አሁን መካከላቸው የኔ ሰጥህ ብቻ ነው ያለው፤ እኔም እዚያ ላይ ቆሜያለሁ።

«ትግስት» ትላለች ሙሉ ከግራ። «ለዚያች ሴትዮ አንሶላዋ ወድቋል በያት።»

«ይውደቅ በያት» ትላለች ዘይነባ ከቀኝ። «እሷም ኪስ ውስጥ ሶፍት ረስታ ነው ያጠበችው፤ ዲሽዳሻው ጥጥ የተነሰነሰበት መስሏል በያት፣ የኔ ሸጋ።»

እኔ ወደ ሙሉ ዞሬ፣ «ሶፍት ረስተሻል ትልሻለች» እላለሁ።

«ሰምቻለሁ።»

«ከሰማሽ ታዲያ…»

«አንቺ ሳትነግሪኝ አልሰማም።»

ይህ በየቀኑ ነው። ሁለቱም ደግሞ ጮክ ብለው ነው የሚናገሩት። እኔ ብቻ ነኝ የምንሾካሾከው።

የጠባቸው ምክንያት የሚከተለው ነው። ሙሉን ያሳደገቻት አክስቷ ናት፣ እማ ተዋቡ። እማ ተዋቡ አረፈች። የዘይነባ ወንድም ለዘይነባ ደወለ። ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ አደራ ብሏል አላት፤ ሙሉ ለብቻዋ በሰው አገር አትስማ፣ ስትመጣ እኛው ወግ ባለው መንገድ እናረዳታለን። መርዶ እንዴት እንደሚነገር እናንተው ታውቃላችሁ። በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ የሚይዝ ሰው ከጎን ተቀምጦ። በስልክ አይነገርም። ዘይነባም አደራውን ተቀበለች። ለወራት ጠበቀችው። ሙሉ አገር ቤት በደወለች ቁጥር እማ ተዋቡ ጠበል ሄዳለች ትባላለች። አንዳንዴ ተኝታለች። አንዳንዴ ጆሮዋ ስለደከመ ስልክ አይሰማትም። ያቺ ሴትዮ ጠበል ወጥታ እንደቀረች ማን ይጠረጥራል?

ከመዘጋታችን በፊት በነበረ አንድ ዓርብ፣ ሙሉ ለእማ ተዋቡ ነጠላ ጫማ ልትገዛ ፈለገች። ዘይነባ አብራት ሄደች። ሙሉ አንዱን አነሳች። ዘይነባ አይታ፣ አንድ ቁጥር ከፍ ይበል፣ እግሯ ያብጣል፣ አለች። ሙሉም ከፍ ያለውን ገዛች፤ ቡናማ፣ ውስጡ ለስላሳ። ሻንጣዋ ውስጥ አስቀመጠችው።

ከዚያ በሰዓት እላፊው መካከል አንዱ ያጎት ልጅ የእማ ተዋቡን ፎቶ ፌስቡክ ላይ ለጠፈው። ከሥሩ የሚነድ ሻማ። ነፍስ ይማር የሚል ሰው ተሰልፏል።

ሙሉ አላለቀሰችም። ካሮት እየላጠች ነበር፤ ላጠችው። ሩዙን ጣደች። ልጆቹን አበላች። በማግስቱ ሰጥህ ላይ ወጥታ ለኔ እንዲህ አለችኝ፣ ዘይነባም እየሰማች፦ «ለሞተ ሰው ጫማ አስመረጠችኝ። እግሯ ያብጣል አለችኝ። አፈር ውስጥ ያለ እግር ያብጣል?»

ዘይነባ አንሶላዋን ሰብስባ ወረደች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቃል አቀባይ ሆንኩ።

ሙሉ የምትበቀለው በዝምታ ነው። ለምን አታለቅሽም ስላት፣ ለብቻ ይለቀሳል እንዴ አለችኝ። እውነቷን ነው። ለቅሶ የጋራ ሥራ ነው። አንዱ ይጀምራል፣ ሌላው ይቀበላል፣ አንዱ በቃሽ ይላል፣ ሌላው ተዋት ይውጣላት ይላል። ለብቻሽ ጮኸሽ፣ ለብቻሽ በቃሽ ብለሽ፣ ለብቻሽ ውሃ አምጥተሽ ፊትሽን ታጥቢያለሽ? ይህ ለቅሶ ሳይሆን ራስ ምታት ነው።

ነገሩ እየቆየ ይበርዳል ብዬ ስጠብቅ፣ ዘይነባ አንድ ቀን ትራስ ልብስ እያሰጣች፣ ወደ አገር ቤት በሚመልሰው አውሮፕላን ከሚሳፈሩት መካከል ስሜ ተገኝቷል አለችኝ። ልትገባ ነው። ለሁልጊዜ። መቼ ስላት፣ በቅርብ፣ ማዳም ሻንጣሽን አዘጋጂ ብላኛለች አለች። ድምፅዋ እንደ ወትሮው አልወፈረም። ሙሉ በግራ በኩል ጀርባዋን ሰጥታ ካልሲ በመቆንጠጫ ትሰቅላለች።

«ንገሪያት» አለች ዘይነባ።

ነገርኳት።

«መንገድ ይቅናት በያት» አለች ሙሉ። «ደህና ግቢ የሚል ግን ከኔ አፍ አይወጣም። እማ ተዋቡንም ደህና ሁኚ ሳልላት ነው የሄደችው። ትቅመሰው።»

በቀል ይህ ነው እንግዲህ። ሰይፍ የለውም። ደህና ግቢን መከልከል ነው።

እንዲህ ያለ ዝምታ ሰጥህ ላይ ሲወርድ ለኔ ለፈሪዋ ከባድ ነው። መካከል ነኛ። አፌ እንዴት እንደተከፈተ እንጃ፣ «አንድ ቲያትር ልንገራችሁ?» አልኩ። ከማለቴ አፈርኩና ከባባ ዲሽዳሻ ኋላ ገባሁ። ከዚያ ዘይነባ፣ ንገሪን በያት አለች። እኔን ለራሴ ንገሪያት ማለቷ ነው። ሙሉም፣ እኔ ለሷ ብዬ አይደለም የምሰማው በያት አለች።

እንዲህ ተጀመረ። በየቀኑ አስር ሰዓት፣ በተሰጣ ልብስ ተጋርጄ፣ ተውኔታችንን መተረክ ያዝኩ። ሰው ሳያየኝ ስናገር ድምፄ ደህና እንደሆነ ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት።

ታሪኩ ይህ ነው። አንድ ባላባት የገዛ ወዳጁን ይገድላል፤ ለመሬት። የሟች ልጅ ወርቅያንጥፉ ትባላለች። ስሟን ለውጣ፣ ፊቷን ጥቀርሻ ቀብታ፣ በገዳዩ ቤት ገረድ ሆና ትገባለች። የአባቷን ጫማ ከመደቧ ሥር ደብቃለች። በባዶ እግሯ እያገለገለች፣ ደሙን የመለሰች ቀን ልታጠልቀው ምላለች።

እዚህ ላይ ስደርስ በዩኒቨርሲቲ ተመልካች ትንፋሹን ይይዝ ነበር። ዘይነባ ግን እጇን አወጣች።

«ቆይ የኔ ሸጋ። ሠራተኛ ሆና ነው የገባችው? ዓርብ ትወጣለች?»

አትወጣም አልኩ።

«አበሳዋን አይታለች። ጠጁን የምታቀርበው ማናት?»

«እሷ።»

«ጓዳ የምትገባ እሷ፣ ጠጅ የምትቀዳ እሷ። ታዲያ ሦስት ገቢር ሙሉ ምን ትጠብቃለች? ባለሙያም አይደለች እንዴ?»

ልቧ ለሁለት እየተከፈለ ነው፤ የባላባቱን ልጅ ወዳዋለች አልኩ። ለመንጎራደጃ የተጻፈውን ረጅም ንግግር በቃሌ ወጣሁት፤ ወርቅያንጥፉ ለብቻዋ ቆማ ከጨረቃ ጋር የምትነጋገርበትን። ስጨርስ ጭብጨባ ጠብቄ ነበር። ሙሉ፣ በዚያ ቤት የሚጠራት የለም እንዴ አለችኝ። ሠራተኛ ቆማ ይህን ያህል ስታወራ «አንቺ!» የሚል ሰው ይጠፋል? የኔዋ ማዳም ብትሆን ጨረቃ ካለችበት ሳትደርስ ጠርታኛለች።

መምህራችን ይህን ቢሰሙ! ሦስት ዓመት ተምሬ ያላየሁትን ነገር ነው። ለብቻ መናገር ለጌቶች የተሰጠ ነገር ነው ለካ።

ከዚያ በቀሉ ላይ ክርክር ተነሳ። ዘይነባ ነገሩ አልጣማትም። እዚያ አገር ሽማግሌ አልቋል ወይ ትላለች። በእነሱ አገር ደም የተቃቡ ሰዎችን የሚያስታርቁ አባጋሮች አሉ፤ ተራራ አቋርጠው ይመጣሉ፣ በሁለቱ መካከል ይቀመጣሉ፣ ገዳይም ካሳውን ይከፍላል፣ ልጅም አባቷን አልቅሳ ትቀብራለች። ይኼ ጥቀርሻ መቀባት፣ ይኼ መርዝ መበጥበጥ ምን ያደርጋል? አንድ አባጋር አስገቢበትና በሁለተኛው ገቢር እንገላገል፣ አለችኝ።

«እንዳታስገቢ!» አለች ሙሉ። «መርዙን ታጠጣው!»

«ምናልባት ሰውዬው በሰው ትእዛዝ ቢሆንስ ያደረገው?» አለች ዘይነባ። «አደራ ብለውት ቢሆንስ? ጠይቂያት እስቲ።»

«አደራውን እምቢ ማለት ነበረበት በያት!»

«እምቢ ማለት ቀላል መስሏት ነው በያት!»

እኔ ከዲሽዳሻው ኋላ ሆኜ ወርቅያንጥፉን ረስተዋት እንደሄዱ ገባኝ። ማንን ታስታርቂያለሽ? ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «ቀሪው ነገ!» አልኩና ቅርጫቴን ይዤ ወረድኩ።

የመጨረሻዋ ቀን ደረሰች። የዘይነባ ሻንጣ ታስሯል፤ በማግስቱ ትወጣለች። ሰጥህ ላይ ስንገናኝ የመጨረሻችን ነው። ሙሉ መጣች፣ ግን ጭጭ ብላ። ደህና ግቢ የሚለውን ቃል ጥርሷን ነክሳ ይዛዋለች፤ ከዚህ ሆኜ ይታየኛል። እኔ ደግሞ የቀረኝ የመጨረሻው ገቢር ብቻ ነው። እንዲህ ብዬ አሰብኩ፦ ሁሉም ከሞተ፣ ምናልባት ሁለቱ ይሳሳቃሉ፣ አይ ያንቺ ቲያትር ብለው ያሾፉብኛል፣ በዚያው አንድ ቃል ይለዋወጣሉ። የቲያትር ሰው እቅድ ነው።

ጀመርኩ። ወርቅያንጥፉ ጠጁን በመርዝ ትበጠብጣለች። ባላባቱ አልጠማኝም ይላል። የምትወደው ልጁ ይቀበልና ይጨልጠዋል። ይወድቃል። እሷም የተረፈውን ከብርሌው አንስታ ትጠጣለች። ባላባቱ ማንነቷን የሚያውቀው ጥቀርሻው በእንባዋ ሲታጠብ ነው። ከዚያ ሬሳዋን ሊያነሱ ሲመጡ ከመደቧ ሥር ጫማውን ያገኙታል። አንዷ አሮጊት ጫማውን አቅፋ፣ ባዶ እግሯን እያየች፣ ይህን ማን ያጠልቀው ትላለች።

እውነት እላችኋለሁ፣ ስለ ሙሉ ነጠላ ጫማ ትዝ አላለኝም። ጨርሶ። ቃሉ ከአፌ ወጥቶ ሰጥህ ላይ ከወደቀ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ። መጋረጃ ዘግቼ መሰወር አማረኝ።

በግራ በኩል አንሶላ ከገመዱ ተነጠቀ። ከዚያ፦

«እ-ህ-ህ… ወርቅያንጥፉ! ወርቅያንጥፉ እህቴ! የሰው ቤት ባዶ እግሯን የቀረችው!»

ከዲሽዳሻው ሥር አጮልቄ አየሁ። ሙሉ አንሶላ አገልድማ፣ ደረቷን እየደቃች፣ ወዲያ ወዲህ ትላለች። እማ ተዋቡ በሰፈሩ የታወቀች አልቃሽ ነበረች፤ ልጅቷ ከማን ተማረች እንዳትሉኝ። ወርቅያንጥፉን በስሟ ጠራች። አባቷን ጠራች። ያን የወደደችውን ልጅ ሳይቀር አዘነችለት። ከዚያ ድምፅዋ ተቀየረ፦

«ጫማ ገዛሁልሽ እግርሽ እንዲሞቀው፣
አንቺ ከሄድሽማ ማን ነው የሚያጠልቀው?»

ወርቅያንጥፉ እዚህ ላይ ወጥታ ሄደች። የገባችው እማ ተዋቡ ናት።

እኔ ምን ላድርግ? ለቅሶ ተጀምሯል፣ ተቀባይ የለም። ልጅቷ ለብቻዋ ቀረች። ልቀበል ብዬ አፌን ስከፍት ምንም አልወጣም። ዓይን አፋር ለቅሶ ላይም ዓይን አፋር ነው። ያን ጊዜ ከቀኝ፣ ያ ወፍራም ድምፅ ተነሳ፦

«ወይኔ እማ ተዋቡ! ወይኔ ጎረቤቴ! በአጥር ቀዳዳ ያጎረስሽኝ!»

ዘይነባ ናት። ጮኾ ማልቀስ በኛ ዘንድ አይወደድም እያለች ስትመክረኝ የኖረችው ዘይነባ። ሻርፗን ወገቧ ላይ አስራ የሰጥሁን አጥር በሁለት እጇ ይዛለች።

«ለወራት አፌን ይዤ!» ትላለች። «አንቺስ ሰማሽ፣ ተቆጣሽ፣ ዘጋሽኝ። እኔስ ለማን ልዝጋ? የት ሄጄ ላልቅስ? ያን ጫማ ስንገዛ ጥለሺኝ ጠፋሽ ብለሽ ተቆጣሽኝ አይደል? ሆዴን ቆረጠኝ አልኩሽ አይደል? ሆዴ አልነበረም! ሽንት ቤት ገብቼ አፌን በሻርፔ ይዤ ነው የቆምኩት! እግሯ ያብጣል ያልኩትም ልማድ ሆኖብኝ ነው፤ በሕይወት ያለች መስላኝ! ለአንድ አፍታ መስላኝ!»

ይህን ለኔ ንገሪያት አላለችም። በቀጥታ ነው የተናገረችው፤ በኔ ራስ ላይ አሳልፋ።

ሁለቱም አለቀሱ። አንዷ ስትጀምር ሌላዋ እየተቀበለች። በቃሽ፣ አንቺም በቃሽ፣ አብሽሪ፣ እየተባባሉ። እኔም መካከል ሆኜ የባባን እጅጌ ይዤ ተንሰቀሰቅኩ። ለማን እንዳለቀስኩ አትጠይቁኝ፤ እማ ተዋቡን አላውቃትም። ለወርቅያንጥፉ ይሆናል። እሷን እኮ እኛ ነን የገደልናት።

ቀስ በቀስ ጋብ አለ። ንፋሱ ብቻ ዲሽዳሻውን ያውለበልባል። ሙሉ ፊቷን በአንሶላው ጠረገችና አጥሩ ጋ መጣች። ዘይነባን አየቻት። ከዚያ ሁሉ ጊዜ በኋላ ለዘይነባ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው፦

«ራበኝ።»

ዘይነባ አፍንጫዋን ሳበች። «ምን ይሁንልሽ?»

«እንጃ። ብቻ ራበኝ። የሚበላ አለሽ?»

መምህር ሆይ፣ ይኸው ሳምቡሳው!

ዘይነባ ለመንገድ የቋጠረችውን ዳቦ ይዛ ከመቅጽበት ተመለሰች። እኔ ሰጥህ ላይ ወረወረችው፤ እኔ ለሙሉ ወረወርኩት። ሙሉ ቆርሳ ግማሹን መለሰች፤ እኔም በመተላለፊያው ላይ አሳልፌ ድርሻዬን ነክሼ አቀበልኩ። ቃል አቀባይ የነበርኩት ዳቦ አቀባይ ሆንኩ። እድገት ነው። ሙሉ እየጎረሰች ሮጣ ወረደችና ያን ቡናማ ነጠላ ጫማ ይዛ ወጣች። ያንቺም እግር ያብጣል፣ አውሮፕላን ላይ አድርጊው፣ አለች። አንዱን ወረወረችልኝ፣ ያዝኩት። ሁለተኛውን ሳትኩት። ግቢ ውስጥ ባባ ወዲያ ወዲህ እያለ በስልክ ሲያወራ፣ ከሰማይ ነጠላ ጫማ ወረደለት።

እስካሁን የነገርኳችሁ ደስ የሚለው ክፍል ነው።

በዚያ ሰሞን ከሰጥህ ላይ የሴት ጩኸት ከተሰማ ሰው የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነው። በየቪላው መስኮት ተከፈተ። ማዳም ማስክ በማስክ ላይ ደርባ፣ ከደረጃው ግማሽ ቆማ፣ ማን ነው የሞተው አለችኝ። እኔም በድንጋጤ፣ «ወርቅያንጥፉ» አልኳት።

ማን ናት አለች። የሟች ልጅ ናት አልኩ። ኮሮና ነው አለች። አይደለም፣ መርዝ ነው አልኩ። ማን አጠጣት አለች። ራሷ ናት፤ መጀመሪያ ግን ለቤቱ ልጅ ነው የሰጠችው፣ ሠራተኛ ነበረች፣ አልኩ።

የኔ አረብኛ ሥራ ያሠራል እንጂ ተውኔት አይተርክም። «ድሮ ነው፣ ጨዋታ ነው» የምትለዋን ሐረግ እስካገኛት ድረስ የማዳም ፊት ከማስኩ በላይ ነጭ ሆኗል። በዚያው ማታ ለሦስታችንም ቤቶች ምርመራ ተጠራ። ከላይ እስከ ታች ነጭ የለበሱ ሰዎች መጥተው ያን ረጅም ዱላ በአፍንጫችን አስገቡልን። እንባችን እንደገና ወረደ፤ ማዳምም፣ ባባም፣ ሁሉም በእኩል አነቡ። ጃብሪያ ውስጥ ያዘጋጀሁት ተውኔት የባለ ቪላዎቹንም እንባ ያወረደ ብቸኛው ነው። ሁላችንም ነጻ ወጣን። ማዳም ግን ለብዙ ጊዜ ሻይዋን ራሷ እያፈላች ጠጣች። አልተቀየምኳትም። እንዲያውም ያን ያህል ያረፍኩበት ጊዜ የለም።

ዘይነባም ምርመራዋ ነጻ ሆኖ በረረች። ሙሉ መስኮት ላይ ወጥታ፣ ጎዳናው እስኪሰማ፣ ደህና ግቢ ብላ ጮኸችላት። ከኮምቦልቻ የላከችው ፎቶ ላይ ሁለት ያበጡ እግሮች አሉ፣ ቡናማው ነጠላ ጫማ ውስጥ፤ ለባባ የወረደው ሳይቀር ደርሷታል። ልክክ ብሏል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ለብቻዬ ማሰብ ያዝኩ። ለእማ ተዋቡ እንዲህ ከተደረገ፣ ለኔስ ማን ምን ደብቆ ይሆን? ዓይን አፋር ስለሆንኩ ደግሞ እኔን መደበቅ ቀላል ነው። ጥያቄ አላበዛም። እናቴ ጋ ደወልኩ። እማዬ፣ አልኳት፣ አደራ። ምንም ነገር ቢመጣ እንዳትደብቁኝ። ብቻ አስር ሰዓት ላይ ደውላችሁ ንገሩኝ፤ ልብስ ሳሰጣ። ያኔ ሰው አለኝ፤ የሚቀበለኝ አለ።

እናቴ ጉሮሮዋን ጠራረገች።

«እንግዲህ ካልሽስ…» አለች።

«እማዬ! አባዬ ነው?»

«አባትሽማ ይኸው ተቀምጦ ይበላል። ውሮ ናት።»

ውሮ ድመቴ ናት። ዩኒቨርሲቲ ስገባ እናቴ ጋ የተውኳት።

«ምን ሆነች?»

«ከሞተች ቆየች፣ ልጄ። አንቺ በሄድሽ ዓመት ነው። ብቻሽን ሰው አገር እንዳትሰሚ ብለን ነው።»

«እማዬ፣ ባለፈው ሳምንት አልጋዬ ላይ ተኝታለች አላልሽኝም?»

«ታዲያ ጠበል ሄዳለች ልበልሽ?»

ከጀርባ የአባቴ ድምፅ ተሰማ። ነገርሻት? አፈር ስሆን፣ የሚይዛት ሰው አለ ወይ በያት፣ ይላል።

አሁን እንግዲህ መበቀል የኔ ተራ ነው። ደህና ዋሉን መከልከል እችላለሁ። ስልክ አለማንሳት እችላለሁ። የአንድ ሙሉ ገቢር ቁጣ አለኝ፤ ያ ሁሉ ዘመን ለሬሳ ሰላምታ እልክ ነበርና። አሰብኩበት። በመጨረሻም ወሰንኩ። ነገ አስር ሰዓት ላይ የባባን ዲሽዳሻ ሁሉ አሰጣለሁ፣ ከኋላው እቆማለሁ፣ ለውሮ አለቅሳለሁ። ሙሉ ተቀባይ ልትሆን ተስማምታለች። ድመቷ ምን ትወድ ነበር፣ ቀለሟ ምንድን ነው፣ ብላ በደንብ ጠይቃኛለች፤ ባዶ ሙሾ አታወርድም። ለማዳምም አስቀድሜ ነግሬያታለሁ፦ ድመት ናት፣ ኮሮናም መርዝም የለበትም።

ሳምቡሳውን ከወዲሁ ጠቅልዬዋለሁ።